ድባቴ ከስብዕና መታወክ ጋር ሲደረብ

የድባቴ ሕመም በዓለም ላይ በስፋት ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች አንዱ ሲሆን፣ ቦርደርላይን ተብሎ ከሚጠራው የስብዕና መታወክ ጋር ተደርቦ ሲከሰት ለመለየትም ሆነ ለማከም አዳጋች ይሆናል።

ቦርደርላይን የሚለውን ስያሜ አሜሪካዊው ሐኪም አዶልፍ ስተርን እ.ኤ.አ. በ1938 የተጠቀመበት ሲሆን፣ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። በመመሪያው መሠረት ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ መታየት ይኖርባቸዋል። ከእነዚህም መካከል የመተው ፍርሃት፣ የማይረጋ ወዳጅነት፣ ዘላቂ የባዶነት ስሜት፣ ያልተገራ ቁጣና ራስን መጉዳት ይገኙበታል።

ሁለቱን ሕመሞች የሚለያቸው ዋነኛ ነገር የጊዜ ቆይታ ነው። ድባቴ ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት በአብዛኛው የቀኑ ክፍል የሚዘልቅ ሐዘን ወይም የፍላጎት ማጣት ሲሆን፣ በስብዕና መታወክ ግን ስሜቱ ከጠብ ወይም ከመለያየት በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይለዋወጣል። ሁለቱ ሲደራረቡ ራስን የማጥፋት አደጋ ከፍ ይላል። የፀረ ድባቴ መድኃኒት ብቻውን የሚያስገኘው ለውጥም አነስተኛ ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የስብዕናው መታወክ ሲሻሻል ድባቴውም አብሮ የመቅለል ዕድል አለው።

በመሆኑም ዋነኛው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሻ ሊነሃን የቀረጹት ዘዴ ሕሙማን ስሜታቸውን መግዛትን፣ ጭንቀትን መቋቋምንና ከሰው ጋር መግባባትን እንዲለማመዱ ያደርጋል።

በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልም በመዲናዋ አገልግሎት ይሰጣል።

በርካታ ቤተሰቦች የሕመሙን ምልክቶች ክፉ አመል አድርገው ስለሚቆጥሩ ታማሚው ተግሣጽ እንጂ ሕክምና አያገኝም። ወደ እንጦጦ ጸበል የሚወጡ ምእመናንም ሕክምናቸውን ማቋረጥ አይጠበቅባቸውም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስዱ መምከራቸው ለዚህ አብነት ይሆናል።

ታማሚው ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ቤተሰብ ንግግሩን እንደ ማስፈራሪያ ሳይቆጥር፣ ብቻውን ሳይተወውና አደገኛ ነገሮችን ከአጠገቡ በማራቅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ሊወስደው ይገባል።