ከአንኮበር እስከ አሊዩ አምባ፦ ድምፅ ሲታረም

አሊዩ አምባ ከአንኮበር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ የምትገኝ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራና ከሐረር የተነሣ ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን የሚያራግፈው እዚህ ነበር። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው በዓርብ ገበያዋ ይገናኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን መልእክተኞች እየመራ ወደ አንኮበር የወጣው ካፒቴን ሃሪስ አልፎባታል፤ በዓመቱ ደግሞ ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን ተቀምጦባታል። ሁለቱም መጽሐፎቻቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1844 ነው። አገሩ ግን ከንግዱ ሌላ አንድ የቆየ ሙያ ነበረው፤ የተማሪን ድምፅ ማረም።

ላይ፣ በአንኮበር አብያተ ክርስቲያናት፣ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነው ድጓ ይዜማል። ታች፣ በአሊዩ አምባ፣ ቁርአን ይቀራል። ከድጓ ዜማ ስልቶች አንዱ የሚጠራው በዚያው በሸዋ፣ በተጉለት ስም ነው፤ ሌሎቹ ቤተልሔም፣ ቆማና አጫብር ይባላሉ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች በሃይማኖት ይለያዩ እንጂ ተማሪ ሲስት የሚያደርጉት ይመሳሰላል። ስሕተቱን ለነገ አያሳድሩትም። ማብራሪያም አያበዙም፤ መምህሩ ራሱ ብሎ ያሳያል፣ ተማሪው ይደግማል።

ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ከውዳሴ ማርያም ዜማ ተነሥቶ፣ በምዕራፍና በጾመ ድጓ አልፎ ወደ ድጓው ይዘልቃል። በጉባኤው አምስቱም አሥሩም በየፊናቸው፣ አንዱ ከሌላው በተለየ ገጽ ላይ ሆነው፣ ባንድ ጊዜ ያዜማሉ። ለእንግዳ ሰው ጩኸት ብቻ ነው። የኔታ ግን ጋቢያቸውን እንደ ተከናነቡ፣ መጽሐፍ ሳይገልጡ፣ ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የአንዱን መሳት ለይተው ይይዛሉ። የሳተውን ስፍራ አዚመው ያሰሙትና እስኪያገኘው ያስደግሙታል። ዓይነ ሥውር ሆነው በዚህ ሙያ የተመሰገኑ መምህራን ነበሩ። ጀማሪውን ግን ሁልጊዜ የኔታ አይደሉም የሚያርሙት፤ ቀደም ያለው ተማሪ ያስጠናዋል። ይህ የመምህሩን ድካም ለመቀነስ ብቻ የተደረገ አይደለም። ራሱ አሳምሮ የሚያዜም ሁሉ የሌላውን ስሕተት ይሰማል ማለት አይደለምና፣ አስጠኚው በማስጠናት ጆሮውን ያሠለጥናል።

እርማቱ የራሱ ቋንቋ አለው። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን እንደ ሠሩ ይነገራል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ቅናት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሒደት፣ ቁርጥ። በኋላ ድርስና አንብር ተጨምረዋል። እነዚህ በፊደሉ ላይ የሚጣሉ ትናንሽ ምልክቶች ድምፅ ምን ማድረግ እንዳለበት ይናገራሉ፤ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት ተይዞ እንደሚቆይ፣ የት ባንድ ጊዜ እንደሚቆረጥ። ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን «አበላሸኸው» ብሎ መተው አያስፈልገውም፤ «ድፋቱን ረሳኸው» ሊለው ይችላል። ተማሪውም ምን ማስተካከል እንዳለበት ያውቃል። የተማሪን ዜማ በማረም ታሪክ ውስጥ ከዚህ የበለጠ እርምጃ ማግኘት ያስቸግራል።

ነገሩን ማሳመር ግን አይገባም። አለንጋውም ነበር። የዜማው ትውፊት ራሱ የሚጀምረው በዱላ ነው፤ የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ መምህሩና አጎቱ ጌዴዎን ቢገርፈው ሸሽቶ ሄደ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦም አንዲት ትል እየወደቀች፣ እንደገና እየተነሣች፣ በመጨረሻ ዛፉ ላይ ስትወጣ አይቶ ተመለሰ ይላል። ልብ ላለው አንባቢ በታሪኩ ውስጥ ልጁን ያስተማረው ግርፋቱ አይደለም።

ይፋት ቆላ ሲወረድ ሌላው ትምህርት ቤት ይገኛል። እስልምና እዚህ ጥንታዊ ነው፤ የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ይፋትን ገዝቷል፣ የኖራና የአስበሪ የፈረሱ መስጊዶችም ለዚያ ዘመን ምስክር ናቸው። በቁርአን ቤት ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ሉህ ላይ ጽፎ ይይዛል፤ ሼሁ ፊት ቀርቦም በቃሉ ይቀራል። ከሳተ ይታረማል፣ ይደግማል። ሉሁ ታጥቦ አዲስ ትምህርት የሚጻፍበት የቀደመው ሲስተካከል ነው። የእርማቱ ዋና ስፍራ አፍ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከጉሮሮ ይሁን ከምላስ ጫፍ ከየት እንደሚወጣ የሚያስተምረው የተጅዊድ ዕውቀት ነው። በአማርኛ አፍ የሚቀላቀሉት የጉሮሮ ድምፆች በዐረብኛ የቃሉን ፍቺ ይለውጣሉና ሼሁ እዚያ ላይ አይለቁም። የመዱ፣ ማለትም የድምፅ መሳቡ፣ ርዝመትና የትንፋሹ ማረፊያም እንዲሁ በልክ ናቸው።

በሙስሊሙ የምስጋና ዜማ በመንዙማ ላይ ግን አራሚው ሌላ ነው። መሪው ያወጣል፣ ጀማዓው ይቀበላል፤ ምቱን የሳተ መሪ ተቀባዮቹ ሲላሉበት ወዲያው ያውቀዋል።

በሁለቱም ትምህርት ቤቶች ዘንድ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ሰው ሥልጣኑን የተቀበለው ከመምህሩ ነው። ድጓ የጨረሰ ተማሪ ለማስመስከር ጋይንት ወዳለችው ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉትን ዜማዎች የሚያስመሰክር ደግሞ ወደ ዙር አባ። ቁርአን የቀራው ኢጃዛ ሲቀበል የመምህራኑ ሰንሰለት እስከ ነቢዩ ድረስ ይቆጠርለታል። ብዙ ዓመት የሰማው ጆሮ «በቃ» ሲል ቃሉ ክብደት አለው።

ዛሬ እንደ ፋና ላምሮት ባሉ የቴሌቪዥን ውድድሮች ዳኞች ለወጣት ድምፃውያን በአደባባይ አስተያየት ይሰጣሉ። ስለ ኪይ፣ ስለ ትንፋሽ፣ ስለ መድረክ አያያዝ የሚሉት ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ በትሕትና የሚናገሩም አሉ። ወጣቱ ግን የሳተውን ስንኝ እዚያው ደግሞ እንዲዘፍን ጊዜ አይሰጠውም፤ ነጥቡን ተቀብሎ ይወርዳል። የኔታም ሼሁም በዚህ በልጠው ይገኛሉ፤ ስሕተቱን የነገሩትን ተማሪ ሳያስተካክል አይለቁትም ነበርና።