የዛፉ መንገድ ወደ ጨፋ

ከከሚሴ ግርጌ በቦርከና ወንዝ ዳር የተዘረጋው የጨፋ ረግረግ ለኦሮሞ፣ ለአርጎባና ለአፋር ከብት የበጋ ግጦሽ ሆኖ የኖረ መስክ ነው። ቆላው ሲደርቅ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ ወደዚህ ይወጣል፤ ክረምት ሲገባ ይመለሳል። ወያኔ የሚባለውን እሾሃማ ዛፍ ታሪክ ከዚህ መንገድ ለይቶ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ይተዋል ባይ ነኝ። ዛፉ፣ በሳይንስ ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ ጥላ እንዲሰጥ፣ ነፋስ እንዲመክትና አፈር እንዲይዝ ተብሎ በድሬዳዋና በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻዎች ዙሪያ ተተከለ። መልኩ ያታልላል፤ ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ለምለም ነው። አፋሮቹ ግን ገሚሱ የደርግ፣ ገሚሱ የወያኔ ዛፍ ይሉታል። ሁለቱም ስያሜዎች ዛፉን ከመንግሥት ጋር ያያይዙታል።

ጥፋቱ ታዲያ የዛፉ ብቻ ነው? የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960፣ የተንዳሆ ጥጥ እርሻ በ1961፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1962 የመጡት ዛፉ ከመተከሉ በፊት ነው። አዋሽ ሞልቶ ያጠጣው የነበረው የበጋ ሣር ወደ ጥጥ ሲዞር፣ አርብቶ አደሩ በጨፋ ላይ የበለጠ ተደገፈ። አፋር ከጥጡ በፊትም ጨፋን ያውቅ ነበር የሚል ቢኖር እውነት ነው፤ ያኔ ግን የአዋሽ ዳርም ነበረው። ቀጥሎ ዛፉ ከጥጡ የተረፈውን ሣር ሲሸፍን፣ የተራበ ከብት ጣፋጭ ፍሬውን ይበላል። ጠንካራው ዘር በሆዱ ውስጥ አልፎ፣ ለመብቀል ተሰናድቶ፣ በእበትና በበጠጥ ተጠቅልሎ በየማደሪያው ይወድቃል።

ዛፉ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል፣ ይጠቅማል የሚለው መልስ የሚናቅ አይደለም፤ በአዋሽ መንገድ ዳር የሚደረደረው ማዳበሪያ ከሰል ለብዙ ቤት እንጀራ ነው። ግን ግንዱ ከመሬት በላይ ሲቆረጥ ከጉቶው ብዙ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል፤ ትናንት አንድ ግንድ የነበረው ነገ ሰው የማያሳልፍ ቁጥቋጦ ነው። ሥሩ ከመሬት በታች ስንዝር ያህል ካልተቆረጠ መጥረቢያው ገርዞት ይሄዳል። ባሕር ዛፍም እንዲሁ ያቆጠቁጣል፤ እሱን ግን ፍየል በልታ ሌላ አገር አትዘራውም። ፍሬው ተፈጭቶ ለመኖ ከዋለ ዘሩ ይሞታል፤ እንዳለ ከተበላ ይዘራል። ዘሩ ወደ ጨፋ እንዳይሄድ መንገዱን በከብቱ ላይ እንዝጋ ማለት ግን ዛፉን ያልተከለውን ሰው መቅጣት ነው። የሚሻለው ከብቱ ጨፋ ከመግባቱ በፊት ሆዱ እስኪጠራ ጥቂት ቀን በአንድ ቦታ ማቆየት ነው። ያ ደግሞ ድርቆሽ ይፈልጋል፤ ሣሩ ይበቅልበት የነበረው የአዋሽ ዳር ግን በብዙ ስፍራ ዛሬ ወይ እርሻ ነው ወይ እሾህ።