በጋማ ጨረር የሙሙት ክምችት መለካት

በጋማ ጨረር የሙሙት ክምችት መለካት ማለት ጨረሩ በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚቀንስ በማየት፣ በፈሳሹ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን የማወቅ ዘዴ ነው። መሣሪያው ፈሳሹን አይነካም፤ የጨረሩ ምንጭ በቧንቧው አንድ ጎን፣ ዲቴክተሩ ደግሞ በተቃራኒው ጎን ከውጭ ይታሰራሉ። በዚህም ምክንያት ብረት ለሚበላ አሲድ፣ ለትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ወይም ቧንቧ ለሚፍቅ የማዕድን ጭቃ ተመራጭ ነው።

አሠራር

ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው ምንጭ ሲዚየም-137 ነው። የጋማ ጨረሩ ጉልበት 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ግማሽ ዕድሜው ደግሞ 30 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ጉልበት ጨረሩ በዋናነት የሚቀንሰው ከኤሌክትሮኖች ጋር እየተጋጨ አቅጣጫውን ሲስት ነው። ውሃ ውስጥ በየ8 ሴንቲ ሜትሩ ግማሽ ያህሉ ይቀራል።

ለምሳሌ የውስጥ ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ ንጹሕ ውሃ ቢይዝ፣ ከጨረሩ 18 በመቶ ያህሉ ፈሳሹን አልፎ ይወጣል (የቧንቧው ግድግዳ የሚያስቀረው ሳይቆጠር)። በውሃው ፋንታ 20 በመቶ የገበታ ጨው ያለበት ሙሙት ቢገባ ወደ 15 በመቶ ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ መቁጠር ያስፈልጋል፦ 10,000 ቆጠራ የ1 በመቶ፣ 1,000,000 ቆጠራ ደግሞ የ0.1 በመቶ የዘፈቀደ ስሕተት አለው።

እፍግታ እና ክምችት

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነገር መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው ክምችትን ሳይሆን እፍግታን መሆኑ ነው። ክምችቱ የሚገኘው አስቀድሞ በታወቁ ሙሙቶች ከተዘጋጀ ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ የሙቀት መጠንም አብሮ መለካት አለበት፤ ውሃ ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ እፍግታው በ1.5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ካልታረመ መሣሪያው ጨው በ2 በመቶ ያህል የቀነሰ አድርጎ ያነባል። የአየር አረፋም እንዲሁ ያሳስታል።

ሰልፈሪክ አሲድ የዘዴውን ወሰን በደንብ ያሳያል። እፍግታው ከክምችቱ ጋር እየጨመረ ሄዶ 98 በመቶ አካባቢ 1.84 ግራም በሚሊ ሊትር ገደማ ሲደርስ ይቆምና ወደ 100 በመቶ ሲጠጋ መልሶ ጥቂት ይቀንሳል። በዚህ ክልል አንድ እፍግታ ሁለት የተለያዩ ክምችቶችን ሊያመለክት ስለሚችል በእፍግታ ብቻ መለየት አይቻልም።

አነስተኛ ጉልበት (59.5 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት) ያለው የአሜሪሲየም-241 ጨረር ግን በንጥረ ነገሩ ዓይነትም ይለያያል። እንደ ዩራኒየም ያሉ ከባድ አቶሞች አብዝተው ስለሚውጡት፣ የእነዚህን ሙሙት ለመለካት ዝቅተኛ ጉልበት ይሻላል። በአንጻሩ ወፍራም የብረት ቧንቧን አልፎ ለመውጣት ይቸግረዋል።

ደኅንነት

ምንጩ በእርሳስ በተሸፈነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ቧንቧው ሲጠገን መዝጊያው ይቆለፋል። ጨረሩ ፈሳሹን ራዲዮአክቲቭ አያደርገውም። አደጋው ያለው ምንጩ ሲጠፋ ነው። በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በምዕራብ አውስትራሊያ ከአንድ የእፍግታ መለኪያ የወጣች ሲዚየም-137 የያዘች ካፕሱል 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን የጭነት መኪና መንገድ ላይ ጠፍታ ነበር። ርዝመቷ 8፣ ስፋቷ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለነበር በዓይን መፈለግ የማይታሰብ ነበር። የካቲት 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የጨረር መለኪያ የጫነ ተሽከርካሪ በመንገዱ እየሄደ ሳለ ምልክት አግኝቶ፣ ከአስፋልቱ ዳር ጥቂት ሜትር ርቃ ተገኘች።