‘አጂዮ’፦ የምንዛሪ ጭማሪ መጠሪያው ቃል ከየት መጣ?

ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ከኢትዮጵያው ወገን ተነስቶ በኬንያ በኩል ወደምትገኘው ቡቲዬ የሚሻገር ነጋዴ ብሩን በሽልንግ መመንዘር ይኖርበታል። ባንክ የሚያወጣው ዋጋና በመንገድ ዳር የሚጠየቀው ሲራራቁ፣ ልዩነቱ የነጋዴውን ትርፍ ሊበላ ይችላል።

ይህ ጭማሪ በበርካታ የአውሮፓ ቋንቋዎች የራሱ ስም አለው። ሉድቪክ ዛመንሆፍ በ1887 ይፋ ባደረገው ኤስፐራንቶ በተባለው ዓለም አቀፍ ቋንቋ ‘አጂዮ’ ይባላል። በባንክ 100 ብር የሚያወጣ የውጭ ገንዘብ ውጭ 110 ብር ቢሸጥ፣ ‘አጂዮው’ 10 በመቶ ነው።

ቃሉ የመጣው ‘አጆ’ ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ማብራሪያ ደግሞ ሥሩን ‘ልውውጥ’ የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ጋር ያያይዘዋል። በ1609 የተመሠረተው የአምስተርዳም ባንክ ገንዘብ፣ በገበያ ከሚዘዋወረው ሳንቲም በላይ ዋጋ ነበረው። አዳም ስሚዝም በ1776 ባሳተመው ሥራው ይህንን ብልጫ በዚሁ ቃል ጠርቶታል።

በአማርኛ ‘ምንዛሪ’ የሚለው ቃል ‘መነዘረ’ ከሚለው ግሥ ይወጣል። ጭማሪው ግን በአንድ ቃል ሳይሆን ‘የምንዛሪ ልዩነት’ በሚል ሐረግ ይገለጻል።

ሆኖም ቋንቋው አንድ የቆየ የምንዛሪ ተመን በስም ይዞ ቆይቷል። በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ፣ 1 ብር በ2 የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተተመነ። የብር ግማሽ የሆነው 50 ሳንቲምም በሕዝቡ ዘንድ ‘ሽልንግ’ ተባለ። የዚያን ዘመን ተመን ሲያልፍ ስሙ ቀረ።

ብር ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለዋውጧል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ የአንድ ዶላር መደበኛ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ በአንድ ቀን ከ74 ብር በላይ ደረሰ። ከዓላማዎቹ አንዱ በመደበኛውና በትይዩ ገበያ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ማለትም ‘አጂዮውን’፣ ማጥበብ ነበር።

ለቡቲዬ ነጋዴ የቃሉ ታሪክ ሩቅ ቢሆንም፣ ቃሉ የሚለካው ነገር ግን ድንበር በተሻገረ ቁጥር የሚከፍለው ነው።