የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወሬ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌም አንድ ነው። ገሚሱ «ደርግ የሠራው አንድ ደግ ነገር» ይላል፣ ገሚሱ «ፕሮፓጋንዳ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለ መንግሥት ነው። እኔ ግን ትምህርቱን በጫንቃው ስለተሸከመው የመንደር ማኅበር ላንሳ፤ ለዚህ ደግሞ ወደ መካነ ሰላም መውጣት ይሻላል።

መካነ ሰላም የያኔው ቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ናት። (የደቡቡን ቦረና ያሰባችሁ ተመለሱ! ይሄ ከደሴ በስተምዕራብ እስከ ዓባይ ገደል የሚዘልቀው የወሎው ቦረና ነው።) አገሩ ለትምህርት ባዕድ አልነበረም። ጎረቤት ሳይንት ውስጥ ተድባበ ማርያም አለች። ሙስሊሙም ልጁን ቁርአን ያስቀራል። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል መጻፍ፣ ዐጀም የሚባለው፣ በወሎ የቆየ ልማድ ነው፤ ሼህ ጦልሃ ጀዕፈር ግጥማቸውን የጻፉት በዚሁ ነበር። በዘመቻው ሚዛን ግን ሀሁን ያልቆጠረ ዐጀም አንባቢ ያው መሃይም ነው።

ዘመቻው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ተጀመረ። መንግሥት ዘማች ላከ፣ መጽሐፍ አሳተመ፤ በኋላ ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች እስከመሰጠት ደረሰ። ገጠር ላይ ግን ዳሱን የሚጥለው፣ ለዘማቹ ማደሪያ የሚፈልገው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥረው ገበሬ ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ የተወለደው በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ነበር፤ መሬት ማከፋፈልና መዳኘት ብቻ ሳይሆን ትምህርት ቤት ማሠራትም በአዋጁ ተሰጥቶታል። መሬት ያካፈለህ ማኅበር «ፊደል ቁጠር» ሲልህ ትሰማለህ። የዘመቻው ጉልበት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ችግርም አልጠፋም። ክረምት ለተማሪ እረፍት ነው፤ ለገበሬ የእርሻና የአረም ጊዜ ነው። ሲያርም የዋለ ሰው ማታ በኩራዝ ብርሃን ፊደል ሲቆጥር ዓይኑ ይከደናል። ሴቲቱ ደግሞ ከወፍጮና ከውኃ የተረፈ ጊዜ አልነበራትም። የቀረውን የሚቀጣ ማኅበርም ነበር። ያም ሆኖ ሚሊዮኖች ተመዘገቡ፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሸለመን።

ነገሩ የተበላሸው ያው ማኅበር ሌላ ሥራ ሲሰጠው ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ኮታውን የሚሞላው ማኅበሩ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲረግፍ ሠፋሪ መልምል የተባለውም እሱ ነው። ያው ሊቀመንበር፣ ያው መዝገብ። ከዚያ ወዲያ «ና፣ ስምህን አስመዝግብ» ሲባል ገበሬው ምን እንደሚያስብ ለመገመት አያስቸግርም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ ዘመቻውም አብሮ ወደቀ። የሚነበብ ነገር ያልነበረው ሰው ፊደሉን መልሶ ረሳ።

ቅሬውስ? ወሎ ዕድሩን ቅሬ ይለዋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። የንጉሡን ዘመን አልፏል፣ ደርግን አልፏል፣ ዛሬም አለ። አዋጅ አላቋቋመውም፣ ስለዚህ አዋጅ አላፈረሰውም። ስሙን እዚያ ለማስፈር የሚፈራ ሰው አላውቅም።

ይህን ዛሬ ማንሳቴ ለትዝታ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በጦርነቱ ምክንያት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ከሦስተኛ ክፍል የወጣች የ12 ዓመት ልጅ ሰላም ሲመጣ ትዳር ይዛ፣ ልጅ አዝላ ልትሆን ትችላለች፤ ከሕፃናት ጋር ዴስክ ላይ አትቀመጥም። የምትፈልገው የጎልማሶች ክፍል ነው፣ ያውም ቅርቧ። ያን ጊዜ ባለሥልጣን ሁሉ እንደለመደው ቀበሌውን መዝግብ ከማለቱ በፊት ቅሬውን ያማክር። ገንዘቡንና መጽሐፉን መንግሥት ይስጥ፣ ሰዓቱንና አስተማሪዋን ቅሬው ይምረጥ። መዝገቡም ቅሬው ዘንድ ይቀመጥ፤ ለሌላ ጉዳይ ማንም አይጠይቀው።