ወደ ኋላ ስንት እርምጃ አለን?

ዜኒት ኢ የሚባለው የሶቪየት ካሜራ ሲይዙት ብረት ምጣድ የተሸከሙ ያህል ይከብዳል። እኛ እጅ የገባው፣ የአንዳችን አባት በደርግ ዘመን ኪየቭ ተምረው ሲመለሱ ያመጡት ነው። ያኔ በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት ተልከው ነበርና፣ ቁም ሣጥን ውስጥ የቆዳ ልብሱን ለብሶ የተኛ ካሜራ ያለበት ቤት ጥቂት አይደለም። የኛው አብሮት የመጣው ሄልዮስ ሌንስ ብቻ ነው ያለው፤ ባለ 58 ሚሊ ሜትር።

በ2015 ዓ.ም. የአንዷ ጓደኛችን አክስት ከጀርመን ሊመጡ ሆነ። «አንድ ዕቃ ብቻ ንገሩኝ፤ ሻንጣዬ ሞልቷል» አሉ። ሰፋ አድርጎ የሚያይ ሌንስ እንፈልጋለን አልን፤ ዙም ሳይሆን ርዝመቱ አንድ የሆነ። ግን የትኛውን? ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ክርክሩም ከሌንስ አልፎ የቦሌ ታሪክ ውስጥ ከተተን፤ እዚህ የምንጽፈውም እሱኑ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአገራችን ፎቶግራፍ ሲጀመር ቦታ የሚለቀቀው ለካሜራው ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለ አርመናዊ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹም ሙያውን ወረሱ። መኳንንቱ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ፎቶ አንሺውም እስኪበቃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ቦሌ መንገድም የተወለደው በዚሁ ወግ ነው ብንል አናጋንንም። የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት የሚሆን ስላልነበረ ቦሌ ላይ አዲስ ማኮብኮቢያ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 720 ጄቶች ሥራ ጀመሩ። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅቱን ለመመሥረት አዲስ አበባ ገቡ። ከማረፊያው ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው መንገድ የእንግዳ መቀበያ ሆነ። መንገዱ ሰፊ፣ ዳሩ ባዶ። ፎቶ አንሺው ተሻግሮ መቆም ይችላል። እንዲህ ላለ ቦታ ተራው የ50 ወይም የ58 ሌንስ መች አነሰው!

ከመንገዱ ጀርባ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ትርፍ የተባለው ቪላ ባለቤቱ ተለወጠ። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ አንድ ቤተሰብ፣ ጓሮው ላይ ሌላ፤ በአጥርና በአጥር መካከል ቅያስ። በየዘመድ ቤት አልበም ስናገላብጥ የዚያን ዘመን ሰልፍ አገኘን፣ አብዮት አደባባይን አገኘን፣ ሠርግም አገኘን። ቅያስ የለም። «ሰፊው ሕዝብ» ከአፍ በማይለይበት ጊዜ እንኳ ሰፊ ሌንስ ይዞ ጓሮ የገባ ያለ አይመስልም። (አልበማችን ጥቂት ነው፣ የተሻለ ያለው ያሳየን።)

ለምን? ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ሒሳብም አለበት። የፊልሙ ፍሬም ወርዱ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ሜትር ብቻ ወደ ኋላ መሸሽ በሚቻልበት ቅያስ፣ 58ቱ የሚይዘው 1 ሜትር ከ86 ነው፤ አንድ የቆርቆሮ በር፣ በቃ። 35ቱ ሦስት ሜትር ይይዛል። 29ኙ 3 ሜትር ከ70 ገደማ፣ 20ው ደግሞ 5 ሜትር ከ40። ጀርባችሁ አጥር ከነካ በኋላ «ትንሽ ራቅ በል» የሚለው ምክር ምን ዋጋ አለው!

ጥራትም እንዲሁ። የብርሃኑ ቀዳዳ 11 ላይ ሆኖ 58ቱ ከአምስት ሜትር ወዲህ ያለውንም ሩቁንም አንድ ላይ ጥርት አያደርግም። 29ኙ ግን 2 ሜትር ተኩል ላይ ከተስተካከለ ከ1 ሜትር ከ30 ጀምሮ እስከ ሰማይ ዳር ጥርት ያደርጋል።

መስተዋት ላለው ካሜራ ሰፊ ሌንስ መሥራት ራሱ ቀላል አልነበረም። አጭር ሌንስ ወደ ፊልሙ መጠጋት ይፈልጋል፤ መሀል ላይ ደግሞ የሚነሣ የሚወድቅ መስተዋት አለ። ፈረንሳዊው አንዤኒዩ እ.ኤ.አ. በ1950 ከፊት የሚበትን መስተዋት ጨምሮ ሌንሱን ወደ ፊት አራቀው። የየናው ፍሌክቶጎን ቀጠለ፤ ሶቪየቶችም ሚር 1ን ባለ 37 አድርገው ሠሩ፤ ብራስልስ ላይ በ1958 የተሸለመበትን ጽሕፈት ግንባሩ ላይ ቀርጸውበት! ከፊላችን ለዚህ ለተቀረጸው ሲል ብቻ ሚርን መረጠ። አይፈረድበትም።

20ው ዋጋው አይቀመስም፤ ዳር የቆመውንም ሰው ፊት ይለጥጠዋል። 35ቱ ለሰው ይሻላል፣ ቅያሱ ውስጥ ግን ያንሳል። በመጨረሻ በምሥራቅ ጀርመን የተሠራውን ባለ 29ኙን ፔንታኮን መረጥን፤ እንደ ካሜራችን በ42 ሚሊ ሜትር ጥርስ የሚጠመዘዝ ነው። አክስትን አደራ ያልነው አንድ ነገር ነው፦ ቀዳዳውን በእጅ የሚያዘጋ መቀየሪያ እንዲኖረው። ዜኒት ኢ የሌንሱን ፒን ገፍቶ ቀዳዳውን የሚያጠብ መሣሪያ የለውም፤ መቀየሪያ የሌለው ሌንስ ቢመጣ እንደተከፈተ ይቀር ነበር።

ሌንሱ ደረሰ። መጀመሪያ ቦሌ መንገድ ወጣን። ከሸፈ! ፎቶው ሁሉ አስፋልት፤ ፎቆቹ ክብሪት ቀፎ ሆነው ቀሩ፣ ቀና ስናደርገው ደግሞ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። ቦሌ መድኃኔ ዓለምን እንኳ በ58ቱ ብናነሣው ይሻል ነበር። ገርጂና ሲኤምሲ ድረስ ሄደን የኮንዶሚኒየሙን ግቢና በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የባቡር ሐዲድ አነሣን፤ እሱም ያው ነው። ሰፊ ሌንስ ለሰፊ ቦታ አይደለም፤ ይህን ያወቅነው አንድ ጥቅል ፊልም አቃጥለን ነው።

ከዚያ ከቦሌ ድልድይ ወደ መገናኛ ከሚወስደው መንገድ ጀርባ አንድ ቅያስ ገባን። በሩን፣ የባሕር ዛፍ ምሰሶውን፣ የውሃ ቦኖውን አንሥተን ወጣን። ፊልሙ ታጥቦ ሲታይ ዳር ላይ ጉልት የተቀመጡ አሮጊት አሉ፤ ሽንኩርታቸውን እየደረደሩ። ማናችንም አላየናቸውም ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው፤ የዜኒት ማያ መስኮት የሚያሳየው 20 በ28 ብቻ ሲሆን ፊልሙ የሚቀበለው 24 በ36 ነው። በሦስት ሜትር ርቀት፣ በዚህ ሌንስ፣ በየጎኑ 40 ሳንቲ ሜትር ሳናየው ይገባል። እማማ የገቡት እዚያች ውስጥ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ የኮሪደር ልማት ከተጀመረባቸው መስመሮች አንዱ ሆነ። ቅያሱም አሁን እንደዚያ አይደለም። እማማን አፈላልገን ያገኘናቸው አያት አካባቢ፣ ልጃቸው ቤት ነው። ሳናስፈቅድ ስላነሣናቸው ይቅርታ ጠይቀን ፎቶውን ሰጠናቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

«ምነው ልጆቼ፣ እጄን እንዲህ ጎተታችሁት?»

«ሌንሱ ነው እማማ፣ ዳር ዳሩን ይስባል።»

«እሺ ይሁን። ይኼ ምሰሶ የኔ ነው። ባለቤቴ ነው የተከለው፣ ነፍሱን ይማርና።» ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። «እኔን ተዉኝና በሩን አሳድጋችሁ ስጡኝ።»

ስናሳድገው ሻከረ፤ ምሰሶው ላይ የተመታችው ምስማር ግን ትታያለች። ቅዳሜ እናደርስላቸዋለን።