ገጻችን ያለበት ኮንቴይነር

እኛ ነጋዴዎች ኮንቴይነር ሲባል ትዝ የሚለን ጅቡቲ፣ ሞምባሳ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ሲብስም የዲሜሬጅ ክፍያ ነው። ይህን ገጽ የሚያንቀሳቅሱት ልጆቻችን «ገጹን የምናዘጋጀው በኮንቴይነር ነው» ሲሉ የሳቃችሁ አላችሁ። ቃሉን ግን የኮምፒውተር ሰዎች የወሰዱት ከዚያው ከወደብ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ አሜሪካዊ የጭነት መኪና ባለሀብት «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ሣጥኖችን ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ያኔ ጆንያውም በርሜሉም አንድ በአንድ ነበር የሚጫነው። የማክሊን ባለሙያዎች ሲያሰሉት ለአንድ ቶን 5.86 ዶላር ይፈጅ የነበረው የመጫኛ ወጪ ወደ 16 ሳንቲም ገደማ ወረደ። ሣጥኑ ብቻውን ግን የትም አይደርስም ነበር። አገሮች በመጠኑ ሲስማሙ ነው ክሬኑም መርከቡም ባቡሩም «ውስጡ ቡና ነው ወይስ ጎማ?» ብለው መጠየቅ የተዉት።

በኮምፒውተርም ችግሩ ያው ነበር። ፕሮግራሙ በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ሰርቨር ላይ ሲወጣ እምቢ ይላል፤ የሚያስፈልገው ነገር እዚያ የለማ። ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የማሠራት ሐሳብ በዩኒክስ ከ1979 ጀምሮ ነበረ። ለብዙኃኑ የደረሰው ግን በ2013 ሰለሞን ሃይክስ ዶከርን ሲያስተዋውቅ ነው። ዶከር ማለት የወደብ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ምልክቱም ኮንቴይነር የተሸከመ ዓሣ ነባሪ። በ2015 ኩባንያዎቹ እንደ መርከበኞቹ የጋራ መስፈርት ለማውጣት ተሰባሰቡ።

የድረ ገጽ ታሪክ ደግሞ ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ነው። በ1991 የቲም በርነርስ ሊ ገጾች ተጽፈው የተቀመጡ ፋይሎች ነበሩ። በ2003 የመጣው ዎርድፕረስ አንባቢ በመጣ ቁጥር ገጹን ከዳታቤዝ አውጥቶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ ሊጥ እንደማቡካት ነው። በ2008 ጄኪል፣ በ2013 ሁጎ እንጀራውን ቀድሞ ጋግሮ ሞሰብ ውስጥ ማስቀመጥን መለሱልን።

ሞያሌ ላይ ኔትወርኩ ሲደክም የጉምሩክ ወረቀት ዝርዝር ለሚፈልግ ሰው፣ ሊያገኘው የሚገባው ይህ የተጋገረው ነው። ኮንቴይነሩ የሚያስፈልገው ጋጋሪው ቤት ነው። አማርኛውን አንዱ፣ እንግሊዝኛውን ሌላው በየከተማው ያዘጋጃል፤ የሁጎው እትም ከተለያየ አንዱ ጋ ያማረው ገጽ ሌላው ጋ ይበላሻል። በኮንቴይነር ሲታሸግ ሁለቱም ጋ አንድ ዓይነት ነው።

አንድ ነገር ግን አለ። በየከተማችን አሮጌ ኮንቴይነር ሱቅም መጋዘንም ይሆናል። የኮምፒውተሩ ግን እንዲያ አይሆንም፤ ሲሰረዝ ውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ጽሑፎቹ የሚቀመጡት ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ በራሳቸው ማህደር ነው። እስካሁን የላካችሁልን የሞያሌና የጋላፊ ማስታወሻዎች ያሉትም እዚያ ነው።